ሁለት መክተፊያ

ይህች መክተፊያ ዛፍ አይደለም ዘሯ፤
ሣር ናት፤ ከሣር ወገን ይቆጠራል ሥሯ።
ስለ ደን፣ ስለ አየር ሌላ ያውራ ሌላው፤
ከተማ የሚገዛት እንዲህ ነው የሚለው፦
«ፕላስቲኩን ጣልኩት፣ በቢላ ተፋቀ፣
ፍርፋሪው ከጎመኑ፣ ከሥጋው ዘለቀ።»
እውነቱን ነው። እኔ ግን ሌላ ነገር አለኝ፣
ከዚች ጣውላ ጋራ ወሰን ያዛመደኝ።

እንጅባራ ዳር ነው፣ ጉም ወርዶ ሲያድር፣
በአባዬና በአንማው መሀል ባለው ድንበር
ቀርከሃው ቆሞ ነበር።
ማን እንደ ተከለው የሚያውቅ አልተገኘም፤
«አያቴ ተከሉት» ይላል ይሄም ያም።
እማኝ ይቆጠራል፣ መሬት ይለካል፣
ገመድ ይወጠራል፣ ችካል ይተከላል፤
ቀርከሃ ማንበብ አያውቅ የቀበሌ ማኅተም፣
በምድር ሆድ ይሄዳል፣ አያስፈቅድ ማንንም።
ክረምት በገባ ቁጥር
ቡቃያው እንደ ቀንድ አፈሩን ሲሰብር፣
አንድ ዓመት በእኛ ጓሮ፣ አንድ ዓመት በእነሱ፤
ክሱ ግን ያው ክሱ።

አሥራ አንድ ዓመት ሆነው።
ጊደር የሸጥነው እኛ ለጠበቃ ነው፤
ፈረሱን የሸጠው አንማውም ለዚያው ነው።
እኔና ልጁ ትብለጥ ከአንድ ምንጭ ስንቀዳ
ሰላምታ እንሰርቃለን፣ በዓይን፣ እንደ ባዳ።

በአሥራ ሁለተኛው ሽማግሌው ሰለቸው፤
«የደረሰውን ቁረጡት» ብሎ ነገሩን ቆረጠው፦
«ለጋውን ግን ተዉት፣ ሦስት ክረምት ያላየውን፤
ገንዘቡን ተካፈሉ፤ ሥሩ ያውቃል ሥራውን።»

ገዛው ከአስፋልት ማዶ የወጣቶች ማኅበር፤
ሰነጠቁት፣ ቀቀሉት፣ ነቀዝ እንዳይደፍር፤
ላጉት፣ አደረቁት፣ በሙጫ ደርድረው
በብረት ጨመቁት፤ ይግረም ነው ሠሪው።
ይግረም ገንዘብ አጥሮት ሒሳቡን ሲዘጋ
የጎደለውን ከፈለ በመክተፊያ ዋጋ፤
አንዷን ለእኛ፣ አንዷን ለእነ አንማው።
እናቴ ኑግ ዘይት ቀብታ ሰቀለቻት፤
አባዬ ግን አንድም ቀን ቀና ብሎ አላያት።

በጥቅምት ማለቂያ፣ ውርጭ ደጁን ሲያነጣ፣
ከአንማው ቤት ጩኸት ወጣ።
አባዬ ቁርሱን ተወው። ጋቢውን ደረበ።
እስከ በር ሄደና ተመልሶ አሰበ፤
ከግድግዳው አውርዶ ጣውላዋን ሰጠኝ፣
«ሂጂ፤ ዛሬ እዚያ ቤት ሽንኩርት ይበዛል» አለኝ።
ሌላ ቃል አልጨመረም።

ከድንኳኑ ጀርባ ምስር ይለቀማል፣
እንጨቱ እርጥብ ነው፣ ይጨሳል እንጂ መች ይነዳል።
ትብለጥ የእነሱን ይዛ፣ እኔ የእኛን ይዤ፣
በአንድ አግዳሚ ላይ፣ ከጎኗ ተጠግቼ፤
ቦታው ቢጠብብን ጫፍ ለጫፍ ገፋናቸው።
ዝም አልን። የሁለታችንም ቢላ ቆመ፤
ከአንድ ዘንግ ነው የወጡት፣ አንጓው ከአንጓው ገጠመ፤
መስመሩ ከእሷ ጣውላ ተነሥቶ
በእኔ ላይ ይሄዳል፣ ምንም ሳይዛነፍ፣ ድንበር ረስቶ።

ማን በምን እንዳለቀሰ ያን ቀን ማን ይለያል?
ሽንኩርት ሲከተፍ ዓይን ሁሉ ያነባል።

ማታ በሎሚና በጨው አሽተን ስናጥብ
ተደባለቁብን፤ ለየው ቢሉን እንኳ አንችልብ...
አንችልም። አልሞከርንም።
አንዷን አነሣሁ፣ ከበደችኝ፣ እርጥብ ናት፤
«የእኛ ናት?» አለች ትብለጥ። «እንጃ» አልኳት።

ድንበሩ ያው አለ፤ ድንጋዩ አልተነሣም፤
መዝገቡም ይመስለኛል እስካሁን አልተዘጋም።
ትናንት ግን ከዝናቡ በኋላ፣ በማለዳ፣
ቡቃያ ወጥቶ አየሁ ድንጋዩን የሚጎዳ፤
ወደ አንድ ጎን አዘንብሎታል።
አባዬም ቆሞ አይቶታል፣
በዱላው ጫፍ ነክቶታል፤
በማን በኩል ነው የወጣው ብሎ ግን
አልጠየቀኝም።